አባኑ ዝም ሲል፦ ከዘይላ የሲራራ መንገድ እስከ «እባክዎ እንደገና ይግቡ»

ጅግጅጋ ውስጥ ስለ ኢንተርኔት አገልግሎት ከሰው ጋር ስታወሩ አንድ ቃል ከአፍ አይጠፋም፦ «ኔትወርክ»። ፎርሙ አልላክ አለ፤ ኔትወርክ ነው። ገጹ ወደ መግቢያው መለሰኝ፤ ኔትወርክ ነው። ልጁ ውጤቱን ማየት አልቻለም፤ ኔትወርክ። ቃሉ ከመብራትና ከውኃ ቀጥሎ የሁሉም ነገር ሰበብ ሆኗል።

አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ስሙ የሚጠፋው ኔትወርክ ንጹሕ ሆኖ ጥፋቱ ያለው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አንድ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ላይ፣ ሊጻፉ ሲገባ ባልተጻፉ ሁለትና ሦስት መስመሮች ውስጥ ነው። የይለፍ ቃላችሁን በትክክል አስገብታችሁ፣ «ተሳስተሃል» የሚል መልእክት እንኳ ሳይመጣ፣ ገጹ ብልጭ ብሎ ያንኑ የመግቢያ ሳጥን መልሶ ካሳያችሁ የማወራው ስለዚያ ነው። የዚህ ነገር ታሪክ ከሚመስለው በላይ ረጅም ነው። የዚህ አካባቢ ሰው ደግሞ ዋናውን ሐሳብ ኮምፒውተር ሳይኖር በፊት ያውቀው ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከሩቅ ልጀምር። (በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጅግጅጋ ከተማ ከመሆኗ በፊት ማረፊያ ነበረች። ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን በ1842 ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ላይ ካሉት ማረፊያዎች እንደ አንዷ አድርጎ ስሟን ጠቅሷል። በ1893 መጀመሪያ ስዌይን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሲያልፍባት ያገኘው በውኃ ጉድጓዶች አጠገብ በእንጨት አጥር የታጠረ ምሽግና 25 ወታደር ነው። ከተማ መልክ የያዘችው ከዚያ ወዲህ፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአገረ ገዥነት በቆዩበት ዘመን ነው። አዎ፣ የ«ፋቡላ» ደራሲና የ1931ዱ ሕገ መንግሥት አርቃቂ፣ እሳቸው ራሳቸው። ጅግጅጋ ላይ የእሳቸው ስም ለምን ብዙ እንደማይነሳ ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን።

በዚያ የሲራራ መንገድ እንግዳ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ የሚሄደው በአባን ነው። አባን ማለት በሶማሌ ወግ እንግዳውን በስሙ ከለላ ሥር የሚያስገባ የአገሩ ሰው ነው። መንገድ ይመራል፣ ያስተረጉማል፣ ዋጋ ያደራድራል፣ ከሁሉም በላይ ዋስ ይሆናል። እንግዳው ላይ የተሰነዘረ እጅ በአባኑ ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል። ለዚህም ይከፈለዋል። የአንዱ ጎሳ መሬት አልቆ የሌላው ሲጀምር ደግሞ እንግዳው ከአንዱ አባን ወደ ሌላው ይተላለፋል።

እስቲ የአሠራሩን ውስጠ ነገር እንየው። ከፊት ያለው ባላባት እንግዳውን አያውቀውም፤ ሊያውቀውም አይችልም። የሚያውቀው አባኑን ነው። «ይህ ሰው እከሌ ይባላል፣ በዘይላ በኩል ገባ፣ ዕቃው ይህን ያህል ግመል ነው፣ ጠብ የለውም» የሚለውን ሁሉ የሚሰማው ከአባኑ አፍ ነው። ስለዚህ ወጉ የሚቆመው በሁለት ነገር ነው። አባኑ እንግዳው እንዴት እንደመጣ አጥርቶ መናገር አለበት። ባላባቱም የሚቀበለው የሚያውቀውን አባን ቃል ብቻ መሆን አለበት፤ «እኔ የእከሌ እንግዳ ነኝ» ብሎ ከመንገድ የመጣን ሁሉ አይደለም። ከሁለቱ አንዱ ሲጓደል መንገዱ ይበላሻል።

ሲጓደልም ታይቷል። በኋላ የናይልን ምንጭ በመፈለግ ስሙ የገነነው ጆን ስፒክ በ1854 እና 1855 በሶማሌ ባሕር ዳርቻ ሲጓዝ ሱሙንተር የተባለ አባን ነበረው። ሰውየው በመንገድ አገተው፣ አዘገየው፣ ንብረቱን በላበት። በመጨረሻ ኤደን ላይ ተከሶ ተፈረደበት። እንግሊዞቹ ከዚህ በኋላ የአባን ወግ ራሱ መቅረት አለበት ማለት ጀመሩ። እኔ ግን ሌላ ነገር አያለሁ፦ በሰው በኩል የሚያልፍ እምነት ሁሉ ጥንካሬው የመካከለኛው ሰው ጥንካሬ ነው።

አሁን ግመሉን አሳርፈን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ።

ድረ ገጽ ሲፈጠር ማስታወስ የሚባል ነገር አልነበረውም። ቲም በርነርስ-ሊ በ1989 እና 1991 መካከል ስዊዘርላንድ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል የቀየሰው አሠራር ቀላል ነበር፦ ትጠይቃለህ፣ ይሰጥሃል፣ ተለያያችሁ። ከአፍታ በኋላ ስትመለስ ሰርቨሩ አይቶህ አያውቅም። ጽሑፍ ለማንበብ ይህ በቂ ነው፤ ለመገበያየት ግን አይሆንም። አንድ ዕቃ መርጠህ ወደ ሁለተኛው ስትሄድ የመጀመሪያውን የሚረሳ ሱቅ አስቡ።

መፍትሔው የመጣው በ1994 ነው። ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ሉ ሞንቱሊ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ኤምሲአይ የተባለ የአሜሪካ የቴሌኮም ኩባንያ የኢንተርኔት መደብር እያሠራ ነበርና የደንበኛውን ያላለቀ ግዢ በራሱ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ አልፈለገም። ሞንቱሊ ያመጣው ሐሳብ ሰርቨሩ ለብሮውዘሩ ትንሽ ወረቀት ቢጤ ይስጠው፣ ብሮውዘሩም በተመለሰ ቁጥር ያቺን ወረቀት ያሳይ የሚል ነው። ስሙን ፕሮግራመሮች ድሮ «ማጂክ ኩኪ» ከሚሉት ነገር ወስዶ ኩኪ አለው። መጀመሪያ የዋለውም ለቀላል ነገር ነበር፤ የኔትስኬፕን ገጽ የጎበኘው ሰው ከዚህ በፊት መጥቶ እንደሆነ ለማወቅ። ሕዝቡ ስለ ነገሩ የሰማው ዘግይቶ፣ በ1996 ጋዜጦች ሲጽፉበት ነው። ደንብ የተጻፈለት በ1997፣ ዛሬ የምንሠራበት ደንብ ደግሞ በ2011 ወጣ።

ስትገቡ የሚሰጣችሁ ኩኪ ስማችሁንና የይለፍ ቃላችሁን የያዘ እንዳይመስላችሁ። አውቶቡስ ተራ ሻንጣ አስቀምጣችሁ የምትቀበሉትን ቁጥር አስቡ። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ የማን ሻንጣ እንደሆነ የሚያውቀው መዝገቡ ነው። በሰርቨሩ በኩል ያለው ያ መዝገብ ሴሽን ይባላል። ካርዱ ከጠፋ ሻንጣው እያለ አታገኙትም። ካርዱን ሌላ ሰው ካነሳው ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ ዕቃ ጠባቂው ፊት አይጠይቅም፣ ቁጥር ነው የሚጠይቀው።

ቀጥሎ ኬላው መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢንተርኔቱ ሕዝብ ሲበዛ አንድ ሰርቨር ሁሉንም በር ላይ ቆሞ መቀበል አቃተው። በ1999 ዳን ኬግል የተባለ መሐንዲስ ጥያቄውን በቁጥር አስቀመጠው፦ አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ 10,000 ደንበኛ እንዴት ያስተናግድ? ሩሲያ ውስጥ ራምብለር በተባለው ድርጅት የሚሠራው ኢጎር ሲሶዬቭ በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው ኤንጂን ኤክስ የተባለው ሶፍትዌር ለዚህ ከተሰጡት መልሶች በጣም የተሳካለት ነው። ፊት ላይ ይቆማል፣ እንግዳን ይቀበላል፣ ዋናውን ሥራ ለሚሠራው ከኋላ ላለው ሰርቨር ያስተላልፋል፣ መልሱንም ተቀብሎ ለእንግዳው ይሰጣል። ይህ አሠራር ሪቨርስ ፕሮክሲ ይባላል። እኔ ኬላ ብለው ደስ ይለኛል፤ ከጅግጅጋ ወደ ሐረር የተጓዘ ሰው ኬላ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ዛሬ ትልልቅ የሚባሉ ድረ ገጾች ሁሉ ማለት ይቻላል ከእንዲህ ዓይነት ኬላ ጀርባ ናቸው።

ልብ በሉ፣ ኬላው ሲመጣ አንድ ነገር በጸጥታ ተለወጠ። ከኋላ ያለው ሰርቨር ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ አይቶ አያውቅም። የሚያየው ኬላውን ብቻ ነው። አሥር ሺህ ሰው ቢመጣ ለእሱ የመጣው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ኬላው። ኬላው አባን ሆነ ማለት ነው።

ለጥቂት ዓመታት ይህ ብዙ ችግር አላመጣም። ችግሩ የመጣው ከመልካም ነገር ነው። በኦክቶበር 2010 ኤሪክ በትለር የተባለ የአሜሪካ ፕሮግራመር ፋየርሺፕ የሚባል መሣሪያ ለቀቀ። ካፌ ውስጥ በክፍት ዋይፋይ የተቀመጠ ማንም ሰው አጠገቡ ያለውን የሌላውን ኩኪ በአንድ ጠቅታ አንሥቶ በዚያ ሰው ስም ፌስቡክ ውስጥ እንዲገባ የሚያደርግ ነበር። ቀዳዳው አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ማንም ሰው ሊጠቀምበት መቻሉ ነው። በትለርም ዓላማው ይኸው መሆኑን ተናግሯል፤ ኩባንያዎቹ እንዲያፍሩ። አፈሩም። ገጾች ከኤችቲቲፒ ወደተመሠጠረው ኤችቲቲፒኤስ መጉረፍ ጀመሩ። በ2015 መጨረሻ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት የምስጠራ ሰርተፍኬትን በነፃ መስጠት ሲጀምር ደግሞ ገንዘብ የለኝም ማለት ሰበብ መሆኑ ቀረ።

ኩኪውም ምልክት ተደረገለት። «ሴክዩር» የሚል ቃል የተጻፈበት ኩኪ በተመሠጠረ መንገድ ካልሆነ አይሄድም። በ2020 ጉግል ክሮምን ሲያጠብቅ ደግሞ ከአንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላ የሚሻገሩ ኩኪዎች ያለዚህ ምልክት ጭራሽ እንዳይሠሩ አደረገ። ሁሉም ትክክል ነው። ግን ምስጠራውን የሚፈታው ማነው? ብዙ ቦታ ሰርተፍኬቱን የያዘው ኬላው ነው። ከእናንተ ስልክ እስከ ኬላው ያለው መንገድ የተመሠጠረ ነው። ከኬላው እስከ ውስጠኛው ሰርቨር ያለው ግን አጭርና ግልጥ መንገድ ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ስላሉ።

ስህተቱ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። እናንተ በተመሠጠረው መንገድ መጣችሁ። ኬላው ተቀበላችሁ፣ ምስጠራውን ፈታ፣ ጥያቄያችሁን በግልጡ መንገድ ወደ ውስጥ አስገባ፣ እና ዝም አለ። እንዴት እንደመጣችሁ አልተናገረም። ውስጠኛው ሰርቨር የሚያየው በግልጥ መንገድ የመጣ ጥያቄ ነው። የይለፍ ቃላችሁን ያረጋግጣል፣ ትክክል ነው ይላል፣ መዝገብ ይከፍትላችኋል፣ ከዚያ ካርዱን ሊሰጣችሁ ሲል «ይህ ካርድ በተመሠጠረ መንገድ ለመጣ ሰው ብቻ» የሚል ትእዛዝ ያያል። እናንተ ደግሞ ለእሱ በግልጥ መንገድ የመጣችሁ ናችሁ። ካርዱን ያስቀረዋል። ብዙ የታወቁ የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌሮች እንዲህ ያለውን ካርድ የሚያስቀሩት ስህተት አለ ሳይሉ፣ በዝምታ ነው። ወደሚቀጥለው ገጽ ስትሄዱ ካርድ የላችሁም፤ ስለዚህ ማንም አያውቃችሁም። «እባክዎ እንደገና ይግቡ።»

ማንም አልዋሸም። እንግዳው ትክክለኛ ነው፣ ባላባቱ ሕግ አክባሪ ነው። አባኑ ዝም ብሏል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ባለፈው ዓመት ጅግጅጋ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ነጋዴ ከቶጎ ውጫሌ ፈቃድ ሊያሳድሱ መጥተው ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዩ የአንድ መሥሪያ ቤት አይደለም። ፎርም የሚሞላው ልጅ የይለፍ ቃሉን አስገባ፣ ገጹ ብልጭ ብሎ ወደ መግቢያው ተመለሰ። ደገመው። ሠለሰው። «ኤዶ፣ ኔትወርክ ነው፤ ከሰዓት ይመለሱ» አላቸው። ሴትዮዋ ጎን ካለው ወንበር ስልኩ ላይ ያለማቋረጥ ቪዲዮ የሚያይ ወጣት አዩና፣ «ኤዶ፣» አሉት እሳቸውም (በሶማልኛ አክስትም የወንድሟን ልጅ መልሳ ኤዶ ትለዋለች)፣ «ያ ቪዲዮ ታዲያ በምን መጣ?»

ልጁ ሳቀ። ጥያቄው ግን የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። በዚያው ዋይፋይ ቪዲዮ የሚያልፍ ከሆነ ጥቂት ፊደል የያዘ ፎርም የሚያግደው ኔትወርክ አይደለም። ከጽሑፍ ሥራዬ ጎን ድረ ገጽ ስለምሠራ ፈቃድ ጠይቄ የብሮውዘሩን መመርመሪያ መስኮት ከፈትኩ። ሁለት ነገር ታየኝ። ከመግቢያው በኋላ በመጣው መልስ ውስጥ ኩኪ የሚባል ነገር የለም። ወደ ቀጣዩ ገጽ የላከን አድራሻ ደግሞ እኛ በኤችቲቲፒኤስ መጥተን ሳለ የሚጀምረው በኤችቲቲፒ ነው። ውስጠኛው ሰርቨር በየትኛው መንገድ እንደመጣን አያውቅም ማለት ነው። የሌላን ቤት ሰርቨር ከውጭ ሆኖ ከፍቶ ማየት አይቻልም፤ እነዚህ ሁለት ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬላው ነው።

ከቶጎ ውጫሌ ጅግጅጋ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው። የተዘጋ ሱቅ፣ የመኪና ሒሳብ፣ የጠፋ ቀን አለበት። ይህ ስህተት ሲፈጠር አዲስ አበባ ላለውም ሆነ ጅግጅጋ ላለው እኩል ነው የሚፈጠረው። ልዩነቱ አዲስ አበባ ያለው ሰው ታክሲ ይዞ መስኮቱ ጋ መሄድ መቻሉ ነው። አውበሬ ወይም ቀብሪበያህ ያለው ሰው መስኮት የለውም፤ ያ ገጽ ነው መስኮቱ። ደግሞም ሰው ሁሉ «የሶማሌ ክልል ኔትወርክ» ብሎ ሲያልፈው ስህተቱ ያለበት ቤት ስልክ አይደወልለትም።

መድኃኒቱ አጭር ነው፤ ኬላው ይናገር። ጥያቄውን ወደ ውስጥ ሲያስተላልፍ አብሮ የሚሄድ ማስታወሻ አለ፣ ሄደር ይሉታል። «ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፕሮቶ» የሚባለው እንግዳው በየትኛው መንገድ እንደመጣ፣ «ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር» የሚባለው ከየትኛው አድራሻ እንደመጣ፣ «ሆስት» የሚባለው ደግሞ የትኛውን ስም ጠርቶ እንደመጣ ይናገራሉ። በኤንጂን ኤክስ እያንዳንዱ አንድ መስመር ነው። ልማዱን የጀመሩት ስኩዊድ የተባለውን ፕሮክሲ የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ በ2014 መደበኛ ደንብ ወጣለት፣ ብዙ ሰው ግን አሁንም በድሮው ስም ይጠቀማል።

መናገሩ ብቻ ግን አይበቃም። ውስጠኛው ሰርቨርም ማመን አለበት፣ እና ማንን እንደሚያምን ማወቅ አለበት። እዚህ ላይ ወደ ሲራራው መንገድ እመለሳለሁ፤ የስፒክ ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ በርተን የሠራው ነገር ከዚህ ጋር የሚሄድ ነውና።

በርተን በኖቬምበር 1854 ከዘይላ ሲነሣ የሙስሊም ነጋዴ መስሎ፣ ራጌ የሚባል የኢሳ አባን ይዞ ነበር። ማራር የተባለውን ሰፊ ሜዳ አቋርጦ ወደ ሐረር ተጠጋ። መልኩን አይተው ቱርክ ነው ማለት ሲጀምሩ ግን ቱርክ መባል እንግሊዛዊ ከመባል ይልቅ እንደሚያስገድለው ገባው። ስለዚህ መልኩን ገልጦ በግልጽ እንደ እንግሊዝ መልእክተኛ ሊገባ ወሰነ። መልእክተኛ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ እሱ የለውም። ቁጭ ብሎ ኤደን ካለው የእንግሊዝ ሹም ለሐረሩ አሚር የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ራሱ ጻፈ። በጃንዋሪ 3, 1855 ያንን ይዞ አሚር አሕመድ ኢብን አቡበከር ፊት ቀረበ። አሥር ቀን ያህል ቆይቶ በሰላም ወጣ፤ ታሪኩንም ራሱ በመጽሐፉ ጽፎታል፣ ሳያፍር።

ይህ ደብዳቤ በአባን አልመጣም፤ በእንግዳው እጅ ነው የመጣው። በኢንተርኔትም ልክ እንዲሁ ማንም ሰው ከገዛ ኮምፒውተሩ «ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር፦ እኔ ከመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነኝ» ብሎ ጽፎ መላክ ይችላል። ኬላው ያንን ሳይነካ ካሳለፈው፣ ውስጠኛውም የመጣውን ሁሉ የሚያምን ከሆነ፣ የበርተን ደብዳቤ ሠራ ማለት ነው። የሶፍትዌሮቹ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ እንዲህ ያለውን ማስታወሻ ሳይታዘዙ እንዳያምኑ አድርገዋቸዋል። ባለሙያው በእጁ «ከዚህ አድራሻ የሚመጣው ኬላ የእኔ ነው፣ እመነው» ብሎ መጻፍ አለበት። የሚረሳውም ይህ ነው፤ ኬላው እየጮኸ ውስጠኛው ጆሮውን ይደፍናል፣ ውጤቱ ያው «እንደገና ይግቡ» ነው። የቸኮለ ባለሙያ ደግሞ «ሁሉንም እመን» ብሎ ይገላገላል። መግቢያው ይሠራል፣ ደስ ይለዋል፣ በሩን ግን ለበርተን ከፍቶ ሄዷል። እንዲህ የሚያደርግ ባለሙያ ከሚረሳው ይብሳል ባይ ነኝ።

ትክክሉ ሁለቱ አንድ ላይ ነው። ኬላው እንግዳው ይዞት የመጣውን ማስታወሻ ይሰርዛል፣ የራሱን ይጽፋል፤ ውስጠኛውም የዚያን ኬላ ቃል ብቻ ይሰማል። የሐዋላ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ሚኒያፖሊስ ወይም ለንደን ያለው ወኪል ላኪውን አይቶ ይመዘግባል፤ ጅግጅጋ ያለው ወኪል ላኪውን አይቶት አያውቅም፣ ገንዘቡን የሚከፍለው በራሱ ወኪል ቃል ነው። ተቀባዩ ራሱ «ይህን ያህል ተልኮልኛል» የሚል ወረቀት ጽፎ ቢመጣ የሚሰጡት ሻይ ነው።

ሌሎች ዘመድ ስህተቶች አሉ፣ ፈጠን ብዬ ልለፍ። ውስጠኛው ሰርቨር በውስጥ ስሙ የተጻፈ ኩኪ ከሰጣችሁ ብሮውዘራችሁ «ይህን ስም አላውቅም» ብሎ ይጥለዋል። ከኬላው ጀርባ ሁለት ሰርቨር ኖሮ እያንዳንዱ የየራሱ መዝገብ ካለው ደግሞ በአንደኛው ትገባላችሁ፣ ቀጣዩ ጥያቄያችሁ ወደ ሁለተኛው ይሄድና አያውቃችሁም። የዚህ ምልክቱ አንዴ መሥራቱ አንዴ እምቢ ማለቱ ነው፤ «ኔትወርክ» ለማለት ደግሞ ከዚህ የሚመች የለም። አንዳንዶች መፍትሔ ብለው እንግዳውን በአድራሻው ለይተው ሁልጊዜ ወደ አንዱ ሰርቨር ይልኩታል። በሞባይል ዳታ ግን ብዙ ሰው አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራል፣ አድራሻውም መሐል ላይ ሊለወጥ ይችላል። ቶጎ ውጫሌ ላይ እንደሚታየው አንድ የኢትዮጵያ፣ አንድ የወዲያ ማዶ ሲም በአንድ ስልክ የያዘ ነጋዴ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀይር ለሰርቨሩ አገር ቀይሯል። ሴሽንን ከአድራሻ ጋር ያሰረ ሰው የድንበር ከተማ አይቶ አያውቅም።

አንዱን ግን በችኮላ አላልፈውም፤ ከመባረር የባሰ ነውና። ኬላ አንዳንዴ ሥራ ለመቀነስ የተጠየቀውን ገጽ ቅጂ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ጠያቂ ይሰጣል። ለዜና ገጽ ጥሩ ነው። የእናንተ ስም፣ ስልክና አድራሻ ያለበትን ገጽ አስቀምጦ ለሌላ ሰው ከሰጠስ? በ2015 የገና ዕለት ስቲም በተባለው የጨዋታ መደብር ላይ የሆነው ይህ ነው። ከሰርቨሮቹ ፊት ያለው የቅጂ ማስቀመጫ በተሳሳተ መንገድ ተስተካክሎ ሰዎች የራሳቸውን ገጽ ሲከፍቱ የሌላ ሰው ገጽ ወጣላቸው። ኩባንያው በኋላ 34,000 ያህል ሰዎች ሊነኩ እንደሚችሉ አምኗል። ባለጠጋ ኩባንያ ነው፣ ምርጥ የሚባሉ ባለሙያዎች አሉት። ቅጂ ውስጥ ኩኪው ራሱ አብሮ ከተቀመጠ ደግሞ የሚሰጠው ገጹ ብቻ አይደለም፣ ካርዱም ነው።

ይህን ሁሉ አሁን የማነሳበት ምክንያት አለኝ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2023 ወጥቷል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በ2024። ፋይዳ ለባንክም፣ ለፈቃድም፣ ለሌላውም እየተጠየቀ ነው። በየወሩ አንድ አገልግሎት ከመስኮት ወደ ገጽ ይዛወራል። መስኮት ላይ ያለ ሠራተኛ ሲያጉላላችሁ ፊቱን ታያላችሁ፣ አለቃውን ትጠራላችሁ። ገጹ ሲያጉላላችሁ ግን የምትወቅሱት የራሳችሁን ከተማ ነው። የጅግጅጋ ሰው ይህን ወቀሳ ለረጅም ጊዜ ተሸክሞታል፤ ግማሹ እንኳ የእሱ ይሁን አይሁን ሳይጠይቅ።

ስለዚህ የሴትዮዋን ጥያቄ ልማድ አድርጉት። ገጹ ሲመልሳችሁ በዚያው መስመር ሌላ ነገር ይከፈት እንደሆነ እዩ። «የይለፍ ቃል ስህተት» የሚል መልእክት መጥቶ እንደሆነ ልብ በሉ፤ ከመጣ ችግሩ ሌላ ነው። ካልመጣ፣ ሌላው ሁሉ እየሠራ ይህ ብቻ ዝም ብሎ ከመለሳችሁ፣ በኮምፒውተር ብሮውዘር ኤፍ 12ን ተጭናችሁ መልሱ ውስጥ ኩኪ መኖሩንና የተላካችሁበት አድራሻ በምን እንደሚጀምር ተመልከቱ፤ ወይም ኢንተርኔት ቤት ያለውን ልጅ አሳዩት፣ በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል። ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ የቴክኒክ ክፍል «ገጹ አልሠራም» ብላችሁ አትጻፉ፤ ለዚህ የሚሰጠውን መልስ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «በትክክለኛ የይለፍ ቃል ስገባ ሰርቨሩ የሴሽን ኩኪ አይሰጠኝም፤ ወደ ቀጣይ ገጽ የሚልከኝም በኤችቲቲፒኤስ ሳይሆን በኤችቲቲፒ አድራሻ ነው። ሪቨርስ ፕሮክሲው ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፕሮቶን እንደሚያስተላልፍ፣ ሰርቨሩም እንደሚቀበለው እባካችሁ አረጋግጡ።» ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሩበት፤ መዝገባቸው ውስጥ ፈልገው የሚያገኙት በሱ ነው።